የከሰዓቱ ፈረቃ

«እሺ፣ ገባኝ። የከሰዓቱን ፈረቃ እንተወዋለን ማለት ነው። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የተገኘ ብቻ ነው የሚቆጠረው። የለም፣ ትምህርት ቤቶቹ አያውቁም። እንዳይነገራቸው ተብሏል።»

መምህርቷ ሸሚዟን እየተኮሰች ነበር። ይህን የሚለው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ በኮሪደሩ ወዲያ ወዲህ እያለ በስልክ ያወራል። ቤቱ ጠባብ ነው፤ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ከማዶ ክፍል «ይማርህ» የሚልበት ዓይነት። እሷ ግን ገና ያልተነሳች መስሎታል። ካውያውን በአየር ላይ እንደያዘች ቀረች። ወደ ግድግዳው ሰዓት ቀና ስትል አሥራ ሁለት ተኩል ይላል። ቆጠራው ዛሬ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ቀርቶታል።

የቆጠራው ነገር እንዲህ ነው። ትምህርት ቢሮው በዚህ ዓመት አዲስ የበጀት ቀመር አውጥቶ «ገንዘቡ ተማሪውን ይከተላል» የሚል መፈክር በየትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ሰቅሏል። በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በሁሉም የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪ ይቆጠርና ለስድሳ ልጅ አንድ መምህር፣ ለአንድ ልጅ ይህን ያህል መጽሐፍ እየተባለ በጀቱ ይደለደላል። ከድልድሉ የተረፈ መምህር ስሙ «ትርፍ» ነው፤ ወደ የትኛው ጫፍ እንደሚላክ ደብዳቤው ይነግረዋል። የመምህራን ማኅበሩ ሲከራከር ከርሟል። ልጅ ይታመማል፣ ይቀራል፣ ዝናብ ያግተዋል፣ እንዴት የዓመት በጀት በአንድ ጠዋት ይወሰናል ብሎ ጽፏል፤ ለቢሮው ሰዎች በአካልም ነግሯል። ሰሚ አላገኘም። መምህርቷ በትምህርት ቤቷ የማኅበሩ ተወካይ ስለሆነች ያንን ደብዳቤ ካረቀቁት አንዷ ናት። ግን የከሰዓቱ ልጅ ጨርሶ እንደሌለ ይቆጠራል ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም። የእሷ ትምህርት ቤት ክፍሎች ዘጠኝ ብቻ ናቸው። ጠዋት አምስት መቶ አርባ ሁለት ልጅ ይማርባቸውና ስድስት ሰዓት ላይ ይወጣል፤ አምስት መቶ ሃያ ስድስት ልጅ ደግሞ አቧራው ሳይረጋ ይገባባቸዋል። ዘንድሮም አምናም ተጨማሪ ክፍል ይሠራልናል ሲባል ነው የቆዩት።

ቁርስ ላይ ሦስቱም ተቀመጡ፤ እሷ፣ ወንድሟና እናታቸው። እናትየው ጆሯቸው ከደከመ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ራሳቸው በደንብ ስለማይሰሙ ሰውም የማይሰማቸው እየመሰላቸው ይጮኻሉ። «ዛሬ ደግሞ ምን ሆናችሁ ተዘጋጋችሁ?» አሉ ዳቦውን እየቆረሱ። ወንድምየው ፈገግ ብሎ «እንቅልፍ ነው፣ እማ» አለ። ሻዩን አማሰለ፣ ስኳር የጨመረበት መሆኑን ረስቶ ደገመበት። እህቱ አየችው። ይህን ልጅ ዲግሪውን እስኪይዝ ድረስ ከደመወዟ ቆርሳ አስተምራዋለች፤ ከተመረቀ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ በየማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ሲንከራተት አብራው ተንከራትታለች። ቢሮው የዕቅድ ክፍል ውስጥ ከቀጠረው ስምንት ወሩ ነው። ቋሚነቱ የጸደቀለት ባለፈው ወር ሲሆን እናትየው ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ የመንግሥት ሰው ሆነ» ብለው አውርተዋል፤ አሥራ ሰባት ዓመት የመንግሥት ሰው የሆነችዋን ሴት ልጃቸውን ረስተው። አንድ ነገር ይነግረኛል ብላ ጠበቀች። «እትዬ፣ ጨው አቀብይኝ» አላት እንጂ ሌላ አልተነፈሰም። ጨዉን አቀበለችው።

ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ፣ የአናጺዎቹ መደዳ ጋ ስትደርስ ቆም ብላ ስልኳን አወጣች። የማኅበሩን ሊቀመንበር ቁጥር ከፍታ ጣቷን ወደ አረንጓዴዋ ምልክት አስጠጋች። ሊቀመንበሩን ታውቀዋለች። ጥሩ ሰው ነው፤ ነገር ግን ሆዱ ውስጥ ወሬ አያድርም፣ በተለይ እውነተኛ ወሬ። አሁን ብትነግረው ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ሬዲዮ ላይ ነው። አራት ሰዓት ላይ ቢሮው ውስጥ «ማነው ያወጣው?» ይባላል፤ የመምህራን ማኅበር ተወካይ እህት ያለው ሠራተኛ ደግሞ አንድ ነው። እናቷ በጎረቤት ፊት እንዴት እንደሚቀመጡ ታያት። «ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ እነግራቸዋለሁ፤ መጀመሪያ የራሴን ቤት ላድን» አለችና ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ በኋላ እግሯ ፈጠነ።

ርዕሰ መምህሩ ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ቢሮው ያላለውን አያስነጥስም ይሉታል። ነገሩን ስትነግረው መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ከየት ሰማሽ?»

«እሱን አይጠይቁኝ።»

«ካልጠየቅኩሽ እንዴት አምንሻለሁ?»

«አይመኑኝ። ግን ውሸት ቢሆን ምን እናጣለን? ልጆቹ አንድ ቀን በጠዋት መጡ፣ በቃ። እውነት ቢሆንስ? ከአሥራ ስምንታችን ዘጠኛችን ትርፍ ነን።»

ርዕሰ መምህሩ ወደ መስኮቱ ዞረ። መስኮቱ ላይ የተሰነጠቀውን መስታወት በፕላስተር አስይዞታል፤ እሱን ሲያይ ቆየ። «አንድም ልጅ ከሌላ ትምህርት ቤት እንዳይመጣ» አለ በመጨረሻ። «አንድም የውሸት ስም እንዳይገባ። መዝገባችን ላይ ያለ ልጅ ብቻ። ለእሱ ግን እኔ እፈርማለሁ።» መነጽሩን መልሶ አደረገ። በዚያች ደቂቃ ያን ፈሪ የሚሉትን ሰው ወደደችው።

ከዚያ በኋላ የመምህራኑ ማረፊያ ክፍል የገበያ ቀን መሰለ። የከሰዓቱ ፈረቃ ክፍል ኃላፊዎች ከያሉበት በስልክ ተጠርተው፣ አንዱ ፊቱን ሳይታጠብ፣ አንዷ ልጇን አዝላ መጡ። እያንዳንዱ የወላጆችን ስልክ ቁጥር የጻፈበት ደብተር አለው፤ እሱን ዘርግተው ይደውሉ ጀመር። «ጤና ይስጥልኝ፣ የልጅዎ አስተማሪ ነኝ። አይደንግጡ፣ ምንም አላጠፋም። ዛሬ ጠዋት እንዲመጣ ነው።» የአንዱ ሒሳብ ሲያልቅ የሌላውን ስልክ ይቀማል። የስፖርት መምህሩ ስልክ የሌላቸውን ሰፈሮች በብስክሌት ዞረ። የጠዋቱ ተማሪዎችም ከሰዓት የሚማሩ ታናናሾቻቸውን እንዲያመጡ ተፈቅዶላቸው ሮጡ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ልጆቹ መምጣት ጀመሩ፤ አንዳንዱ ጸጉሩ እርጥብ፣ አንዳንዱ ዳቦ በእጁ፣ አንዷ ደግሞ ዩኒፎርሟ ገና ታጥቦ ስላልደረቀ በቤት ልብሷ ላይ የወንድሟን ኮት ደርባ። የበሩ ዘበኛ እያስገባ «እኔ እኮ ይህን ያህል ልጅ እንዳለን አላውቅም ነበር፤ ግማሹን በጠዋት ግማሹን በከሰዓት እያሳያችሁ ሸውዳችሁኝ» ይላል።

ችግሩ ማስቀመጡ ነበር። የሚቆጠረው ክፍል ውስጥ «ተቀምጦ የተገኘ» ብቻ ስለሆነ ግቢ ውስጥ የቆመ አይሠራም። መምህርቷ በምታስተምርበት ስድስተኛ ክፍል፣ ለሁለት ልጅ በተሠራው አግዳሚ ላይ አራት አራት ሆነው ተቀመጡ። የተረፉት ወለሉ ላይ፣ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ። አንድ መቶ አሥራ አራት ልጅ። እሷ የምትቆምበት ስላጣች በሩ ላይ ተደግፋ ነበር ያስተማረችው። ክፍልፋይ ነበር የዕለቱ ትምህርት፤ አንድ ሙሉ ነገር ለሁለት ሲከፈል። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን ለማውጣት ሲሞክር የጓደኛውን አፍንጫ ገጨና ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ላብና ሳሙና፣ እርጥብ ልብስና ጠመኔ ይሸታል። አንድ ሰው ሊያይ የሚገባው ይሄ ነበር ብላ አሰበች፤ መማሪያ ክፍል የሌላቸው ልጆች በሙሉ በአንድ ጊዜ ሲቀመጡ ምን እንደሚመስል።

በአራት ሰዓት ሁለት ቆጣሪዎች መጡ፤ አንድ ጎልማሳና አንዲት ወጣት፣ ሁለቱም የቢሮውን ባጅ አንጠልጥለው። ጎልማሳው በሩ ላይ እንደደረሰ ቆመ። «ይሄ ምንድነው?»

«ተማሪ ነው» አለች መምህርቷ። «መዝገቡ ይኸው።»

ሰውየው ፊቱ ቀላ። እንዲህ ያለ ነገር እንዳልተነገረው፣ አሠራሩ እንዲህ እንዳልሆነ አጉረመረመ፤ ወደ ውጭ ወጥቶም ስልክ ደወለ። ወጣቷ ግን መዝገቡን ተቀብላ ስም መጥራት ጀመረች። እያንዳንዱ ልጅ «አቤት» ሲል ቀና ብላ ፊቱን ታያለች። ከስድሳኛው ስም በኋላ ድምጿ ሰለለ፤ አንዲት ተማሪ የውኃ ኮዳዋን ብታቀብላት አመስግና ጠጣችና ቀጠለች። ስትጨርስ ለመምህርቷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «እኔም በከሰዓት ፈረቃ ነው የተማርኩት» አለች። በሰባት ሰዓት የቆጠራው ቅጽ ላይ አንድ ሺህ አሥራ ዘጠኝ ተጻፈ፤ ርዕሰ መምህሩ ፈረመ፣ ጎልማሳውም ዘግናኝ ነገር እንደሚነካ ሰው በጣቶቹ ጫፍ ብዕሩን ይዞ ፈረመ። ቆጣሪዎቹ ከበሩ ሲወጡ ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ እልልታ ቀለጠ። የስፖርት መምህሩ መምህርቷን ወገቧን ይዞ ከመሬት አነሳት፤ እሷም እንደ ልጅ ሳቀች።

የማኅበሩ ስብሰባ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ባለች፣ ሃምሳ ወንበር እንኳ በማትይዝ አዳራሽ። ደረጃውን ስትወጣ ገና ሰውነቷ ቀሎት ነበር። ውስጥ ስትገባ ግን አዳራሹ የለቅሶ ቤት ነው። ሰባት የሁለት ፈረቃ ትምህርት ቤቶች ተወካዮች በአንድ በኩል ተቀምጠዋል፤ ሰባቱም ግማሽ ልጃቸውን ያጡ። ሊቀመንበሩ ቁጥሮቹን በሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ከፊት ወንበር ላይ «ጋሽ ጠመኔ» ተቀምጠዋል። ሠላሳ ስድስት ዓመት ያስተማሩ፣ የኮታቸው ኪስ ሁልጊዜ ነጭ የሆነ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ተወካይ። እሷን ከሥልጠና ወጥታ ስትጀምር በክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚቆም ያሳዩዋት እሳቸው ናቸው። የእሳቸው ትምህርት ቤት ስድስት መቶ አሥራ አንድ ልጅ አለው፤ የተቆጠረው ሁለት መቶ ዘጠና ስምንት ነው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል፤ አሁን ትርፍ ከተባሉት አንዱ መሆናቸው ነው።

«የእናንተስ?» አላት ሊቀመንበሩ ጠመኔውን እንደያዘ።

«አንድ ሺህ አሥራ ዘጠኝ።»

ከኋላ አንዱ «እንዴት ሆኖ?» አለ። ልጆቹን እንዳስጠሩ ነገረቻቸው፤ ስትጀምር በኩራት ነበር፣ መሃል ላይ ስትደርስ ግን ድምጿ እየወረደ መጣ። የምትናገረው ነገር ምን እንደሆነ ለራሷም የተሰማት ያኔ ነው። ጋሽ ጠመኔ ሰውነታቸውን ቀስ ብለው ወደ እሷ አዞሩ። ቁጣ የለባቸውም።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የሰማሽው፣ ልጄ?»

«አሥራ ሁለት ተኩል ላይ።»

አንገታቸውን ነቀነቁ። በልባቸው ሰዓቱን ሲያሰሉት አየቻቸው፤ ከአሥራ ሁለት ተኩል እስከ አራት። «የኔ ስልክ ክፍት ነበር» አሉ። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ መሬቱ ግን የመድኃኒት ቤቱ ጣሪያ ነው፣ ጸንቶ ቆሟል። የማኅበር ተወካይ ማለት የራሱን ግቢ ብቻ የሚጠብቅ ዘበኛ ማለት አይደለም፤ ይህንን ለሌሎች ስትናገር ስንት ጊዜ ተጨብጭቦላታል።

ሊቀመንበሩ ነገሩን ወደ ሥራ መለሰው። የምክር ቤቱ የትምህርት ኮሚቴ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ይሰበሰባል፤ የማኅበሩም አቤቱታ ይሰማል። ቢሮው «ስህተት ነው፣ አላወቅንም ነበር» ካለ እስከሚቀጥለው ዓመት ጠብቁ ይባላሉ። ቢሮው አውቆ እንዳደረገው የሚመሰክር ሰው ከተገኘ ግን ቆጠራው ሊደገም ይችላል። «ማነው የነገረሽ?» አላት በለሰለሰ ድምፅ። መልሱን አዳራሹ ውስጥ ያለው ሁሉ ያውቀዋል፤ ዓይናቸውን ሰበር ማድረጋቸው ለዚህ ነው።

«ማንም አልነገረኝም። ሰምቼ ነው» አለች። «ነገ ኮሚቴው ፊት እናገራለሁ። ዛሬ ግን መጀመሪያ የማነጋግረው ሰው አለ።»

ቤት ስትደርስ እራት ቀርቧል። ቴሌቪዥኑ በእናትየው ጆሮ ልክ ይጮኻል። ወንድሟ ክራቫቱን ፈትቶ፣ ሳህኑን ሳይነካ ተቀምጧል። ቢሮው ውስጥ ስለ አንድ ሺህ አሥራ ዘጠኙ ሲወራ ነው የዋለው ማለት ነው። ከጎኑ ተቀመጠች።

«ሰምተሽኛል» አላት።

«ሰምቼሃለሁ።»

«ቢሮው ዛሬ ሲተራመስ ነው የዋለው። ስምንት ሰዓት ላይ ኃላፊው ጠርቶ እህትህ የት ነው የምታስተምረው አለኝ።» በጣቱ የጠረጴዛውን ጫፍ ይፍቃል። «ስለ ከሰዓቱ ፈረቃ ሁለት ጊዜ ጽፌላቸዋለሁ፣ እትዬ። ቅጹ ልክ አይደለም ብዬ። ሁሉም ልጅ ከተቆጠረ የተመደበው ገንዘብ አይዳረስም ነው ያሉኝ። ሦስተኛውን መጻፍ ግን… በቃ፣ ተውኩት።»

«ገንዘቡን ማብዛት ሲያቅታችሁ ልጆቹን ቀነሳችኋቸው።»

እናትየው ከቴሌቪዥኑ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ «ብሉ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል!» ብለው ጮኹ። ሁለቱም ማንኪያቸውን አነሱ፤ ሁለቱም መልሰው አስቀመጡ። እሷም ሁሉንም ነገረችው። ሊቀመንበሩን ለመጥራት ስልኳን አውጥታ ለእሱ ስትል መልሳ እንደከተተችው። ጋሽ ጠመኔን። ሰባቱን ትምህርት ቤቶች። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮው አስቀድሞ ያውቅ ነበር ብላ እንደምትናገር፣ ከማን እንደሰማችም እንደሚጠይቋት። «ሌላ መንገድ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ» አለችው። «ከሌላ ሰው ከምትሰማው ብዬ ነው።»

ወንድሟ ተነስቶ ወደ ክፍሉ ሄደ። በሩን አልወረወረውም፣ ቀስ ብሎ ነው የዘጋው። ይህ ደግሞ ባሰባት። ሳህኖቹን አነሳች፣ አጠበች፣ አደራረቀች፤ የእናቷን መድኃኒት ሰጠች። እናትየው እጇን ያዝ አድርገው «ተጣላችሁ?» አሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዝግታ። «አልተጣላንም» አለቻቸው ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብላ። ማመናቸውን እንጃ። ለነገ የምትናገረውን ልትጽፍ ደብተሯን ይዛ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠች፤ የሰባቱን ትምህርት ቤቶች ስም በተራ ጻፈችና ከዚያ በላይ ብዕሯ አልሄድ አላት።

የወንድሟ በር ተከፈተ። ሸሚዙን በቲሸርት ለውጧል፤ ዓይኑ ቀልቷል። ከኋላዋ ቆሞ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ዝርዝሩን ተመለከተ፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ ደግሞ ከታች ወደ ላይ።

«ከማን ሰማሽ ሲሉሽ ስሜን ጥሪው» አላት። «እንዳትዋሺ። ውሸት አትችይበትም፣ ያውቁብሻል።»

ቀና ብላ ልታየው ስትል ወንበር ስቦ ከአጠገቧ ተቀመጠ። በጣቱ ደብተሯን ነካ ነካ አደረገ።

«ደግሞ ሰባት አይደሉም። አሥራ አንድ ናቸው።»

አራቱን በቃሉ ነገራት። የጡብ ፋብሪካው ጀርባ ያለውን፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ ጋ ያለውን፣ ሁለት ስም እያለው በአሮጌው የሚጠራውን። የመጨረሻዋ ሁለት ክፍል ብቻ ያላት፣ ሦስት መምህራን የሚሠሩባት፣ ማኅበሩ ተወካይ እንኳ የሌላት ትምህርት ቤት ናት፤ መምህርቷ ስሟን ሰምታው አታውቅም። ስለዚህ ፊደል በፊደል ደገመላት። ጠዋት አርባ አንድ ልጅ፣ ከሰዓት ሠላሳ ዘጠኝ።

«ጻፍሽው?»

«ቀስ በል» አለችው፣ እየጻፈች። «ሠላሳ ስንት አልከኝ?»